ወረቀቱ የተላጠ ጠርሙስ

በዩኒቨርሲቲያችን የባዮሎጂ ላብራቶሪ ደህንነት ማለት ጋውን ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰ ይገባል፤ ያልለበሰ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ሕግ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም። አንድ ሕግ ብቻ ስለነበረም ሁላችንም እናከብረው ነበር፤ የምናከብረው ግን አንዱን ጋውን ለሦስት እየተቀባበልን ነው። የጠዋቱ ክፍል ሲወጣ እኛ በር ላይ እንጠብቃለን። ከአንዱ ትከሻ የወረደው ጋውን ሙቀቱ ሳይወጣለት ሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል። እጅጌው ላይ ያለው ደም የማን እንቁራሪት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ያንኑ ለብሰን ካፌ ገብተን እንበላለን፤ ዶርም ስንደርስ አልጋ ላይ እንወረውረዋለን። አንዱ የክፍላችን ልጅማ ጠቅልሎ ትራስ አድርጎት ነበር።

ያንን ሕግ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ጋውን ከሩቅ ይታያል፤ ነጭ ነው፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ዓይን ግን ጋውን አያለብሱትም።

በሩን የሚጠብቁት የላብራቶሪው ቴክኒሻን ነበሩ። ሸምገል ያሉ፣ ነገር የማያልፋቸው ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቁልፋቸውን ቀበቶአቸው ላይ አንጠልጥለው በሩ መቃን ላይ ይደገፋሉ።

«ጋሼ፣ ጋውኔ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ለዛሬ ይለፉኝ።»

«አንተም ገና አልደረቅህም። ሂድና አብራችሁ ድረቁ።»

ይህን ሲሉ ሳቅ ይሆናል፤ ልጁ ግን ይመለሳል። ስንስቅ ከርመናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ሦስት ሆነን ነበር የምንሠራው። ከእኔ ጋር አንድ ከጎጃም የመጣ ልጅ ነበር፤ ቁመቱ ከጠረጴዛው ጋር ስለማይስማማ ሁልጊዜ እንዳጎነበሰ ነው፤ ረጅሙ እንለዋለን። ሦስተኛዋ የከተማው ልጅ ናት። እናቷ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ከቤት እየተመላለሰች ነበር የምትማረው፤ ከእናቷ ጋር ሲዳሙ አፎ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ፣ ከመምህሩ ጋር እንግሊዝኛ ታወራለች፤ በሦስቱም ትቀልዳለች።

ይህች ልጅ የምትችለው አንድ ነገር ነበር፤ ከክፍሉ ማንም አይችለውም። ማይክሮስኮፖቻችን ባለ አንድ ቱቦ ናቸው። እኛ አንዱን ዓይን ጨፍነን እናያለን፣ ቀና ብለን ወረቀቱ ላይ እንስላለን፣ ረስተን ተመልሰን እናያለን፤ ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ። እሷ ቀኝ ዓይኗን ቱቦው ላይ፣ ግራ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ታደርግና ሁለቱንም ሳትጨፍን ትስላለች። እርሳሱ ራሱ የሚያይ ይመስል ነበር። አንድ ቀን እንዴት እንደምታደርገው ጠየቅኳት።

«ሁለት ዓይን የተሰጠህ ሁለት ቦታ እንድታይበት ነው» አለችኝ። «አንተ አንዱን ታስተኛዋለህ።»

ስትመረቅ የሕክምና መጻሕፍት ሥዕል የሚስል ሰው መሆን ነበር የምትፈልገው። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ያወቅኩት ከእሷ ነው።

ከሰሌዳው ጎን መስታወት ያለው ቁም ሳጥን አለ። ውስጡ መነጽሮች ተደርድረዋል፤ ሙሉ ዓይንን የሚሸፍኑ፣ ከነላስቲካቸው፣ ገና ከከረጢታቸው ያልወጡ። ሁላችንም እናያቸዋለን። ቁልፉ ጋሼ ቀበቶ ላይ ነው። ንብረቱን ፈርመው የተረከቡት እሳቸው ናቸው፤ አንዱ ቢሰበር የሚጠየቁት እሳቸው፤ ስለዚህ እንዳይሰበር አይወጣም። አገራችን ውስጥ ይህን ነገር ያላየሁበት ቢሮ የለም። ዕቃው ለሰው አይኖርም፤ ሰው ዕቃውን ለመጠበቅ ይኖራል። ድንች እንኳ እንዲህ ቢቀመጥ ይበቅላል።

በሴሚስተሩ አጋማሽ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ጋሼ መነጽሮቹን ሲያድሉን «መስታወቱን በጣታችሁ እንዳትነኩ» እያሉ ነበር። አደረግናቸው። በመነጽር ላይ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ቱቦው ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል፤ እኛ ግን ጎንበስ ብለን ምንም ሳናይ የምናይ መሰልን።

«ዋናተኛ መሰልኩ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ጉንዳን።»

«አንተ ደግሞ የተቀቀለ አምባዛ።»

እንግዶቹ ፈገግ ብለው ዞሩ፤ ፎቶ ተነሳ። ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ድምፃቸው ሳይጠፋ ጋሼ መነጽሮቹን ሰበሰቡ፤ አንድ በአንድ በሶፍት ጠረጉ፤ ወደ ከረጢታቸው መለሱ፤ ቆለፉ። ከዚያ በኋላ ነው እንስሳቱ እንዳይበሰብሱ የሚነከሩበት፣ ዓይን የሚያቃጥለው የፎርማሊን ባልዲ ክዳን የተከፈተው። መምህሩ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ፤ ሰዓቱንም አየ፤ ወደ ትምህርቱ ገባ። መምህሩ ወጣት ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪውን በቅርቡ ነው የጨረሰው። እንዲህ መሆን እንደሌለበት ከእኛ በተሻለ ያውቅ ነበር። የማያውቅ ሰው ላይ ብዙም አልናደድም።

ስለ ጠርሙሶቹ መናገር አለብኝ፤ ሁሉ ነገር የመጣው ከእነሱ ነው።

ግቢያችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ከአጥሩ ማዶ፣ በባጃጅ አንድ ጉዞ በማይሞላ ርቀት፣ ዓይን የማይጨርሰው ሐይቅ ተኝቷል፤ የላብራቶሪያችን ቧንቧ ግን ይደርቃል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከዶርም በውሃ ፕላስቲክ ውሃ ይዘን እንመጣለን፤ እጃችንን የምንለቃለቀው በዚያ ነው። ጋሼም ጠረጴዛ የሚያጸዱበትን በረኪና በጥብጠው የሚያስቀምጡት በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ነበር። ሁለቱን ለመለየት አንድ ዘዴ ነበራቸው፦ የበረኪናውን ጠርሙስ ወረቀት ይልጡታል። ወረቀት ያለው ውሃ ነው፤ የተላጠው በረኪና። ይህን ሴሚስተሩ ሲጀመር፣ ወንበር እየተጎተተ፣ ግማሹ ተማሪ ገና ጋውን እየተቀባበለ ሳለ ነግረውናል። እሱ ነበር ምልክቱ።

ተማሪ ግን ሲሰለቸው እጁ ሥራ ይፈልጋል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እኛ የጠርሙስ ወረቀት እንልጣለን። በጥፍር ጫፉን እናነሳለን፣ ሳይቀደድ ለማውጣት እንፎካከራለን፤ ረጅሙ በዚህ የተካነ ነበር፤ ሙሉውን ወረቀት እንደ እባብ ቆዳ አውልቆ ጣቱ ላይ ይጠመጥመዋል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ላብራቶሪው ውስጥ ወረቀት ያለው ጠርሙስ ማግኘት ይከብድ ነበር። ሁሉም ራቁታቸውን፣ ሁሉም ጠራ ያለ ፈሳሽ ይዘው፣ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ጋሼ የራሳቸውን በቦታው ያውቁታል። እኛም የራሳችንን የምናውቅ ይመስለን ነበር።

የመጨረሻው ተግባር ትምህርት የአሳ ነበር። አሳውን የሚገዛው ተማሪው ነው። ሦስታችን ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ባለ ረጅም እግር ወፎች፣ እንደ ዘበኛ በቆሙበት መካከል አልፈን አንድ ደህና ቆሮሶ መረጥን። ሻጩ ቢላውን አንስቶ «ጥሬውን ትበሉታላችሁ ወይስ ልትጠብሱት ነው?» አለን።

«ልንማርበት ነው» አልኩት።

«አሳ ምን ያስተምራል? ትምህርት ቢኖረው መረብ ውስጥ ይገባ ነበር?»

እሷ በሲዳሙ አፎ የሆነ ነገር መለሰችለት፤ ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። ምን እንዳለችው እስካሁን አልነገረችኝም።

አሳዎቹ ባልዲ ውስጥ ፎርማሊን ተደርጎባቸው አደሩ። ፎርማሊን የገባ አሳ ከመቀደዱ በፊት በሚወርድ ውሃ ለረጅም ጊዜ መታጠብ አለበት። ይህን ያስተማረን መምህሩ ራሱ ነው። በዚያ ቀን ግን ውሃ አልነበረም።

«ሴሚስተሩ እያለቀ ነው» አለ። «ውሃ እስኪመጣ ከጠበቅን ልንመረቅ ነው። ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ ጥንቃቄ አድርጉ።»

ጥንቃቄ። ይህን ቃል እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። ከውሃው፣ ከመነጽሩ፣ ከጠርሙሱ ጽሑፍ የጎደለው ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ቃል ውስጥ ይታሰርና እኛ ትከሻ ላይ ይጫናል። ሳይሰጡህ ሁሉን አሟላ ማለት ነው።

እሷ ጓንት አድርጋ የእኛን አሳ በጅራቱ ያዘች። ከባልዲው ሲወጣ ጎንበስ አለች፤ ስንጥቡን፣ ማለት መተንፈሻውን፣ ቀለሙ ሳይለወጥ ልታየው ነበር። አሳው ያሟልጫል። ከእጇ አምልጦ ባልዲው ውስጥ ወደቀ፤ ፈሳሹ ተነስቶ ቀኝ ዓይኗ ላይ አረፈ።

ጮኸች ማለት አልችልም። ፊቷን ወደ ጣሪያው አድርጋ፣ እጇን ከፊቷ አርቃ፣ «ውሃ» አለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። እኔ ወደ ቧንቧው ዘልዬ ከፈትኩት። ቧንቧው አየር ተነፈሰና ዝም አለ። ረጅሙ ደግሞ ለእጁ የቀረበውን ጠርሙስ አንስቶ፣ ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ፣ የዓይኗን ቆብ በጣቱ ከፍቶ አፈሰሰላት።

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።

ሽታው ቆይቶ ደረሰኝ። የታጠበ ነጠላ የሚሸተው፣ የመጸዳጃ ቤት ወለል የሚሸተው፤ በረኪና። ረጅሙ ጠርሙሱን ጣለው። ጋሼ ከበሩ ሮጠው መጡ፤ የወደቀውን አዩ፤ «የተላጠው እኮ ነው» አሉ። ለረጅሙም አይደለም፣ ለእኔም አይደለም የተናገሩት። «የተላጠው እኮ ነው፤ ነግሬያችኋለሁ።»

ተሸክመናት ወደ ካፌው ሮጥን። ዕቃ አጣቢዎቹ በርሜል ሙሉ ውሃ አላቸው፤ መሬት ላይ አስተኝተናት በጆግ ላይ በላይ አፈሰሱባት፤ እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ነበር። ተማሪዎች ትሪያቸውን ይዘው ከበቡን። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ሲል ረጅሙ አየው፤ ምንም አላለውም፤ ብቻ አየው፤ ልጁ ስልኩን ከተተ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሄድን። መንገዱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ነበር የምትጠይቀኝ፦ «ዓይኔ ክፍት ነው?» ክፍት ነው እላታለሁ። «ታዲያ ለምን አላይም?»

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ከሁሉ አስቀድማ «በምን አጠባችኋት?» አለች። ደግማ ጠየቀች።

«በበረኪና» አለ ረጅሙ። «እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ የያዘችውን ጠብታ ጨርሳ አንጠባጠበች። «ፎርማሊኑን ወዲያው በውሃ ብታጥቡት ተስፋው ሌላ ነበር» አለች። «አሁን ሁለት ቃጠሎ ነው ያለው። የዓይኗ የፊተኛው ሽፋን ተጎድቷል። ብርሃን ልታይ ትችላለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።»

ቃል አልገባችም፤ ልክ ነበረች። ሳምንታት ቆይቶ ፋሻው ሲነሳ በዚያ ዓይን መስኮቱ የት እንዳለ ለየች። የእናቷን ፊት ግን አልለየችም።

በመሀል ያሉትን ሳምንታት ሳስታውስ ትዝ የሚለኝ ረጅሙ ነው። መብላት አቆመ። ማታ አልጋው ላይ ተቀምጦ የቀኝ እጁን ያየዋል። ክፍሉ ውስጥ ያሉ ልጆች ዞር ሲል «በበረኪና ያጠበው» ይሉት ጀመር። አንዱን ልመታው ተነስቼ ያዙኝ። ቁጣዬ ለዚያ ልጅ ብቻ አልነበረም። አንድ ትልቅ ተቋም፣ ቢሮው፣ በጀቱ፣ ማህተሙ ሁሉ እያለው፣ የራሱን ጥፋት አንድ የገበሬ ልጅ እጅ ላይ ትቶ መሄዱ ነበር ያንገበገበኝ። ረጅሙ ያደረገው የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ከሁላችንም ቀድሞ ደረሰ። ቀድሞ የደረሰበት ነገር መርዝ እንዲሆን ያደረገው ሌላ ነው።

ከዚያ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራን። ኃላፊው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ «ልጄ» የሚል ሰው ነው። የሚጮህ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷና እናቷ ከፊት ተቀመጡ፤ ረጅሙና እኔ ከኋላ፤ መምህሩና ጋሼ በግድግዳው በኩል።

«ልጄ፣ መነጽር አድርገሽ ነበር?» አላት።

«አላደረግኩም።»

«አየሽ።»

«መነጽሩ ተቆልፎበታል» አልኩ እኔ።

«ጠይቃችሁ ተከለከላችሁ?»

አልጠየቅንም። ማን ይጠይቃል? የጠየቀ ማርኩን ያውቀዋል። ኃላፊው ዝምታችንን እንደ መልስ ወሰደው። ወደ ጋሼ ዞሮ «ጠርሙሱስ ምልክት ነበረው?» አለ።

«ነበረው» አሉ ጋሼ፣ ወለሉን እያዩ። «የተላጠ ነው።»

«ምልክት ነበረው» አለ ኃላፊው ለእናቷ፣ የተረጎመላቸው ይመስል።

ልናገር ስነሳ ረጅሙ ሸሚዜን ጎተተኝ። ምልክት መሆን ያለበት የተጻፈ ነገር ነው፤ እዚያ ግን ምልክቱ የጽሑፍ አለመኖር ነበር። ባዶነትን ምልክት አድርጎ፣ ባዶነቱን ስላላነበባችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው ማለት፤ ይህን ሰምቼ እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

እናቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጌታ ይመስገን» አሉ በለሆሳስ። «አንዱን አስቀርቶልናል። እኛ ከማንም ጋር ክርክር የለንም፤ ትመረቅልኝ ብቻ።»

ኃላፊው ፊቱ በራ። ከላብራቶሪ ነፃ እንደምትደረግ፣ የተግባር ማርኳ እንደሚያዝላት፣ እንደ ልጁ እንደሚያያት ተናገረ። የእናቷን እምነት ለራሱ ጥላ አደረገው። በሳቸው አልፈርድም፤ ልጃቸውን ይዘው ከዚያ ክፍል በሰላም መውጣት ነበር የፈለጉት። እሷ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ «ነፃ ወጣሁ» አለችኝ። «በነፃ አይደለም እንጂ።»

እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፤ ሲያመኝ እጽፋለሁ። በዚያ ሰሞን ስለ ዓይኗ ጻፍኩ፤ ሐይቅ አደረግኩት፣ ጭጋግ አለበስኩት፣ ንጋት አስጠበቅኩት። ወስጄ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ቆንጆ ነው» አለች። «ዓይኑን አሳመርከው። የእኔ ግን ያሳክካል፤ መግል ይወጣዋል፤ ሌሊት ትራሱ ላይ ይጣበቃል። እሱን የት አደረስከው?»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ይህን በስድ ንባብ የምጽፈው ለዚያ ነው።

አዲስ ሴሚስተር ሲጀምር ኃላፊው እንደገና ጠራት። አዲስ ገቢ ተማሪዎች የላብራቶሪ ገለጻ አላቸው፤ መጥታ ጥቂት ብትናገር፣ ታናናሾቿ ከእሷ ቢማሩ፣ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ብታሳያቸው ጥሩ ነው አላት። እሺ አለች። ይህን ስሰማ መናኸሪያ አካባቢ ጭማቂ ቤት ተቀምጠን ነበር፤ ብርጭቆዬን ገፋሁት።

«እንደ ማሽላ ማስፈራሪያ ሊያቆሙሽ ነው» አልኳት። «ያልተጠነቀቀች ብለው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ቁጣው የአንተ ነው፤ ዓይኑ የእኔ ነው» አለች። «በዓይኔ ምን እንደማደርግበት እኔ ልወስን። ጭማቂህን ጠጣ።»

ረጅሙና እኔ ከኋላ ቆምን። ላብራቶሪው ሞልቶ ነበር፤ አዲሶቹ ልጆች ገና የራሳቸው፣ ገና ነጭ የሆነ ጋውን ለብሰዋል። ኃላፊው ስለ ሥነ ሥርዓት ተናገረ። ጋሼ ከበሩ አጠገብ ነበሩ። እሷ ከሰሌዳው ፊት ቆመች፤ ጥቁር መነጽሯን አወለቀች። ከፊት ያሉት ልጆች ዓይናቸውን ሰበሩ።

«እዩኝ እንጂ» አለች። «ለዚህ ነው የተጠራሁት።»

ቀና አሉ።

«እዚህ ጋ ፎርማሊን ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጓደኛዬ ሊያጥበኝ ፈጥኖ ጠርሙስ አነሳ፤ በረኪና ሆነ። እሱ አላጠፋም፤ ጠርሙሱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ውሃ ቢኖር ኖሮ ጠርሙስ አያስፈልገኝም ነበር። መነጽር ቢኖረኝ ኖሮ ውሃም ባላስፈለገኝ። መነጽሩ ያው እዚያ ነው፤ ከከረጢቱ አልወጣም። ተጠንቀቁ እንድላችሁ ነው የመጣሁት። እኔ ተጠንቅቄ ነበር። ስለዚህ የምላችሁ ሌላ ነው፦ እዚህ ክፍል ስትገቡ ከሁሉ በፊት ያንን ቧንቧ ክፈቱ። ውሃ ካልመጣ አትግቡ። ማርክ ይቆረጣል ይሏችኋል፤ ይቆረጥ። ማርክ ይመለሳል።»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ተነስታ ቧንቧውን ከፈተችው። ቧንቧው ሁለቴ ሳለ፤ አንዲት ቡናማ ጠብታ አንጠልጥሎ ቀረ።

«በፈረቃ ስለሆነ ነው» አለ ኃላፊው።

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ደብተሯን አንስታ ወጣች። ከጎኗ ያለችው ተከተለቻት፤ ከዚያ ወንበር መጎተት ብቻ ነበር የሚሰማው። ሁሉም አልወጡም፤ ጥቂቶች ኃላፊውን እያዩ ተቀመጡ። ግን ትምህርቱ በዚያ ቀን አልተጀመረም። መምህሩ «ለሌላ ቀን ይዛወር» አለ፤ ከእሱ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንድ ዓይን ዘግይቶ ቢሆንም።

ኮሪደሩ ላይ ኃላፊው ደረሰባት። «ልጄ፣ አዋረድሽን» አላት፤ አሁንም በዝግታ።

«ንገሪያቸው አሉኝ፤ ነገርኳቸው» አለች፤ አላቆመችም።

ረጅሙ ክፍል ነበረውና ተለየን። እኔ እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። ባጃጅ አስቆምን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያ ሁሉ ልጅ ወጥቷል። ደስ ግን አላለኝም። ነገ ውሃው ይመጣል፤ ከነገ ወዲያ ይሄዳል፤ ልጆቹም ማርካቸውን ያስባሉ። ይህን እያሰብኩ ሳለ እሷ ልትሳፈር እግሯን አነሳች፤ የባጃጁን ወለል አልፋ አየር ረገጠች፤ ጉልበቷ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። በአንድ ዓይን ርቀት አይለካም። ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ በጥፊ መታችው።

«ተው።»

እግሯን እንደገና አነሳች፤ በጣቶቿ ብረቱን ዳሰሰች፤ ወጣች። እኔም ገባሁ። ንዴቴን ከፊቴ ላይ እንዳታነብ በቀኟ በኩል ተቀመጥኩ። ባጃጁ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ እንደሄድን አንገቷን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ አዞረች።

«በዚህ በኩል አትቀመጥ» አለች። «አላይህም።»

ሹፌሩን አስቁሜ፣ ወርጄ፣ ዞሬ በግራዋ በኩል ገባሁ።